ልዕልቷ በታንኳ ትምጣ

ልዕልት ያለችበት፣ አስማትና ጉዞ ያለበት፣ ሲያነቡት ፈገግ የሚያሰኝ ቀለል ያለ ልቦለድ በአማርኛ አምሮኛል። ባህር ዳር ቁጭ ብዬ የውጭዎቹን ስልኬ ላይ አነባለሁ። ቤተ መንግሥቱ ሰልችቷት በመስኮት የምትጠፋ የንጉሥ ልጅ፣ ድግምቱ የሚከሽፍበት ጠንቋይ፣ በቃ እንዲህ ያለውን። በእኛ ተረት ግን የንጉሥ ልጅ ብዙ ጊዜ ሽልማት ናት። እንቆቅልሹን የፈታው ጎበዝ ያገባታል፣ ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ። እሷ ምን አማራት? ማንም አይጠይቃት።

የሚገርመው መንገዱን የጀመርነው እኛው ነን። የጣና ዳሯ የዘጌ ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው ጦቢያ፣ ጀግናዋ ሴት ናት። የጦር አለቃ ልጅ። መንትያ ወንድሟ ሲጠፋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች፤ ይባስ ብሎ ደግሞ አንዲት የንጉሥ ዘመድ ወንድ መስላት በፍቅሯ ትወድቃለች! መጨረሻው ሠርግ በሠርግ ነው፣ ጦቢያም ንግሥት ሆና ታርፋለች።

ከዚያ የጎጃሙ፣ የእንዶዳሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ መጡ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ሰብለ ወንጌልም መነኩሴ መስላ ከቤቷ ትጠፋለች። ያው የጦቢያ መንገድ ነው፣ መድረሻው ግን ርዕሱ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ ላይ ክርክር የለኝም፣ አልቅሼበታለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ቁም ነገረኛ ልቦለድ ሁሉ ካላስለቀሰ አይሆንም የተባለ ይመስል፣ የጦቢያ ሳቅ ወራሽ አጣ።

«ፋንታሲ የፈረንጅ ነው» የሚሉኝ አሉ። ኧረ በናታችሁ! እፀ መሰውርስ? ደብተራው ቅጠል ቀጥፎ ተሰወረ ሲባል ሳይሰማ ያደገ የጎጃም ልጅ አለ?

እናም ራሴ ጀምሬዋለሁ። የኔ ደብተራ ይሰወራል፣ ጥምጣሙ ግን አይሰወርለትም። ልዕልቷ አባቷ ደብቆት የሞተውን ማኅተም ትፈልጋለች። ማኅተሙ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ ጣና ላይ ያለው፣ የነገሥታት አፅም ያረፈበት የገዳም ደሴት። ሴት አይገባበትም። እንደ ጦቢያ ወንድ አስመስዬ ላስገባት አሰብኩና ተውኩት፤ የገዳም ሥርዓት ከተጣሰ አንባቢው፣ በተለይ እናቴ፣ መጽሐፉን እዚያው ነው የምትዘጋው። ስለዚህ ከዳር ቆማ ቅኔ ትልካለች፣ አባ ደግሞ በቅኔ ይመልሱላታል። ማኅተሙ የት እንዳለ ወርቁ ውስጥ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ማሳደዱን ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ዳር ሲደርስ አቁሞ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ልዕልቷ ይህን ታውቃለች። ከቆሙት መካከል ደረቁን መርጣ ትቀዝፋለች፣ የሚያሳድዷት የራስ ቢትወደዱ ወታደሮች ግን ገና ከውሃ የወጣውን፣ የራሰውን ይዘው ጣና መሃል ይንፏቀቃሉ። እሷም ብትሆን ከወገቧ በታች ርሳለች፣ ታንኳ ለንጉሥ ልጅም አያዳላ።

የእህቴ ልጅ ይህን ምዕራፍ አንብባ «አክስቴ፣ ታንኳው ቢገለበጥስ፣ ዋና ትችላለች?» አለችኝ።

ትችላለች እንጂ። ዘጌ ነዋ ያሳደግኳት።