ሐረርን በጉዳይ መዞር

ሐረር ደርሶ የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ ይታወቃል። አረንጓዴ ወይ ሮዝ የተቀባ ግድግዳ ተደግፎ አንድ፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራንቦ ስም የሚጠራው ቤት በረንዳ ላይ አንድ፣ ማታ ጅብ ሲያበላ አንድ። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሦስቱንም ተነስቼ መጥቻለሁ፤ አልነቅፍም። ግን ለዚያ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሆቴሉ ገብቶ «አለቀ እኮ» ይላል። እውነትም ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ትንሽ ናት፤ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ስፍራ ውስጥ ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊድ ቆጥሮባታል። ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን አያልቅም።

ሁለተኛ ስሄድ የሚጎበኝ ቦታ ዝርዝር አልያዝኩም። የያዝኩት ጉዳይ ነው፤ ድሪያ (ሰፊና ስስ ቀሚስ) ማሰፋት።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚወስደው መንገድ ማኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው መንገዱ ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ጨርቁን ከሱቁ ትገዛላችሁ፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ሰፊ እዚያው መንገድ ላይ ይለካችኋል፣ ቀጠሮ ይሰጣችኋል። የኔው ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል ያደረገ፣ ጢሙን ሒና የተቀባ ሽማግሌ ነው። «ነገ ነይ» አለኝ። በነጋታው ስመጣ ጨርቁ አልተቆረጠም። «ቁጭ በይ አቦ፣ ሻይ ጠጪ፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

ተቀመጥኩ። ከተማዋን ያየሁት ከዚያች አግዳሚ ላይ ነው። አንዷ ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ ስታማርጥ ባለሱቁ ዋጋ ይሰቅላል፣ እሷ ጥላው ትሄዳለች፣ ጥግ ሳትደርስ ይጠራታል፣ እሷም መጠራቷን አውቃ እርምጃዋን አዝግማለች። ሌላዋ ልትለካ ስትል ያዘለችውን ሕፃን ምንም ሳትጠይቀኝ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኑ በእጁ የያዘውን ብስኩት በቀሚሴ ላይ ጠረገ። ሰፊው መኪናውን ሳያቆም «ይህችኛዋ የኛው ናት» አላት። እንዴት የነሱ እንደሆንኩ አልገባኝም፤ ግን አልተቃወምኩም። ካሜራ ይዤ ባልፍ ኖሮ ልጅ የሚሰጠኝ አልነበረም።

ሰው «እንደ አገሬው መኖር» ሲባል የተደበቀ ቤት፣ ያልታወቀ ምግብ ቤት ይፈልጋል። ሐረር ላይ የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። የሚጎድለው እዚያ ቆሞ ለመጠበቅ የሚያበቃ ምክንያት ነው። ጫማ ማስጠገንም ሊሆን ይችላል፣ ቡና ማስፈጨትም። ዋናው ነገር ተመልሶ የሚያስመጣ መሆኑ ነው።

ማደሪያዬ ከግንቡ ውስጥ፣ እንግዳ ከሚቀበሉት የሐረሪ ቤቶች አንዱ ነበር። ነባሩን ቤት እነሱ ጌይ ጋር ይሉታል። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ፊት ለፊት የሚጠብቃችሁ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ መደብ ነው፤ ነደባ ይባላል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ጎድጓዳ ሳህን ነው። መደቡ ዝም ብሎ መቀመጫ አይደለም፤ የባለቤቱ ቦታ አለ፣ የሽማግሌ አለ፣ የወጣት አለ። እኔ ባገኘሁት ልቀመጥ ስል ባለቤቲቱ በአገጯ ወደ ዝቅተኛው ጠቆመችኝ። «እሺ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብል ሳቀች። «እዚህ አንቱ የለም። አንቺ በይኝ፤ አለበለዚያ ያረጀሁ ይመስለኛል።» እናቴን የሚያህሉ ሴት አንቺ ለማለት አፌ እስኪለመድ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ አሁንም ስጽፍ «የሚያህሉ» አልኩ።

ቀኑን የምታስተካክለው እሷ ነበረች። ገበያ ጠዋት ነው። ገጠር ያደሩት የኦሮሞ ሴቶች ማገዶና አትክልት ተሸክመው በየበሩ የሚገቡት በማለዳ ነው፤ ትኩስ ፈጢራም፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም የጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ባለሱቅም፣ ሰፊም፣ ባለጉዳይም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ጎዳናው ጭር ይላል፣ የተከፈተ ሱቅ ቢኖር እንኳ ባለቤቱ እንድትገዙት አይጓጓም። ጎብኚ የሚያማርረው ይህን ሰዓት ነው። እኔ ጫት አልቅምም፤ ግን ባለቤቲቱ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ስትቀመጥ አብሬ ተቀምጫለሁ፣ ውሃና ሻይ አቀብያለሁ። የአፎቻ ነገር ተነሣ (የሴቶቹ መረዳጃ ነው፣ እኛ እድር እንደምንለው)፣ ማን ለሐዘን መጣ ማን ቀረ ተባለ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ተማረሩ። ምሽቱ ላይ ከተማው እንደገና ነቃ።

ጊድር መጋላ ሥጋ ልገዛ ስሄድ ዘንቢል ሰጠችኝ፤ ክዳን ያለው። ምክንያቱ ሥጋ ተራው ጋ ስደርስ ገባኝ። ጣሪያው ላይ የተሰለፉት ጭልፊቶች ከሰው እጅ ላይ ይመነትፋሉ። ጎብኚዎቹ ቁራጭ ሥጋ እያነሡ እንዲነጥቋቸው ይጠብቃሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይቀረጻሉ። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ሥጋውን ከሚዛን ወደ ዘንቢል በአንድ እጅ ከተው በሌላው ክዳኑን ይገጥማሉ። እኔም እንደነሱ ለማድረግ ሞክሬ ቀና ስል አንዱ ጭልፊት ክንፉ ሻሼን ነክቶ አለፈ። ባለሥጋው ቀና ብሎም አላየም።

ስለ ጅቡም እንዲሁ ነው። ከፈላና በር ውጪ የሚደረገው ትርኢት ይታይ እላለሁ፤ እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋ ሰክቶ ጅብ ፊቱ ድረስ ማስጠጋት ቀልድ አይደለም። ግን የሐረር ሰው ጅብ ሊያይ አይወጣም፤ ጅቡ ራሱ ይመጣል። ግንቡ ግርጌ የተተወለት ቀዳዳ አለ፣ ሌሊት በዚያ ገብቶ ቆሻሻውን ለቅሞ ይወጣል፤ ጂንም ይበላልናል ይላሉ። አንድ ማታ ከባለቤቲቱ ልጅ ጋር ከሱቅ ስንመለስ ጠባቧ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠመን። ልጁ ግድግዳውን ተጠግቶ መንገድ ለቀቀለት፣ እኔንም በክንዴ ሳበኝ። ጅቡ አንገቱን ደፍቶ አጠገባችን አለፈ፤ ልጁ ስለ ኳስ የጀመረውን ወሬ ከቆመበት ቀጠለ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ አልሰማሁም።

አስጎብኚ አትያዙ የሚል ምክር የሚሰጡ አሉ፤ አልስማማም። የመጀመሪያውን ጠዋት በአግባቡ ከፍሎ ከአንድ አስጎብኚ ጋር መዞር ዋጋ አለው፤ መንገዱን ታውቃላችሁ፣ የራንቦ ቤት የሚባለው ገጣሚው ራሱ ያልኖረበት፣ ከእሱ በኋላ የተሠራ መሆኑንም አዋቂ ከሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ ተሰናበቱት። ቢጠፋችሁ ግንቡን እስክታገኙ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ነው፤ ግንቡን ይዛችሁ አንዱ በር ጋ ትደርሳላችሁ። ፎቶን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ የተቀመጡ ሴቶችን ሳይጠይቁ ማንሣት ጠብ ነው፣ ደግሞም ልክ ናቸው። እኔ ስልኬን ዘንቢሉ ውስጥ ከሥጋው በታች ነበር የማኖረው።

ድሪያው መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ እጁ ትንሽ ሰፍቷል፣ ሰፊው ግን «ትወፍሪያለሽ» አለ።

ቀጥሎ ያሰብኩት ለሹዋሊድ መድረስ ነው። ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾሙት ስድስቱ የሸዋል ቀናት ሲያልቁ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ማደሪያ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ለባለቤቲቱ ስደውልላት «ዘመድ ሁሉ ስለሚመጣ አልጋ የለም፤ ከልጆቹ ጋር ነደባው ላይ ነው የምትተኚው» አለችኝ። የትኛው ነደባ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።