አጭር ኪሮሽ፣ አጭር ቅጥል

የምሠራው ገመድ በሚፈተንበት ክፍል ነው። ወርክሾፑ የሚያዘጋጀው ገመድ ሁሉ በእኔ መጎተቻ ሳያልፍ ሥራ ላይ አይውልም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣልኝ ወፍራም ነው። ያን ቀን የመጣው ግን ቀጭን ነበር፤ ባለ 3 ሚሊሜትር ዳይኒማ። ጀልባ ላይ ሆነው የውሃ መለኪያ መሣሪያ ወደ ጥልቁ ለሚያወርዱ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ መሣሪያው የሚንጠለጠልበት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በቋጠሮ አልታሰረም። የገመዱ ጭራ ታጥፎ ተመልሶ በራሱ በገመዱ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል። እኛ ቅጥል የምንለው ይህንን ነው።

ሥራው ሲታይ ያምራል። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ስፌቱም ንጹሕ። መጎተቻው ላይ አስገባሁትና ቀስ እያልኩ ጭነት ጨመርኩ። ይህን ዓይነቱን የምንፈትነው እስከ 300 ኪሎ ነው። እዚያ ሳይደርስ ስፌቱ ተበጠሰ፤ ወዲያው ጭራው ሾልኮ ወጣ። ገመዱ አልተበጠሰም። ቀለበቱ ግን የለም።

ነገሩን ላልለመደ ሰው ግራ ያጋባል። ጤነኛ ባለ 3 ሚሊሜትር ዳይኒማ እኮ ወደ አንድ ቶን ገደማ ይችላል። ችግሩ ግን የጥንካሬ አይደለም፤ የመንሸራተት ነው። ዳይኒማ ከፖሊኤትሊን የሚሠራ ክር ነው፤ እጅ ላይ እንደ ሰም ያንሸራትታል። ቋጠሮ የማይስማማውም ለዚህ ነው። ወይ ቋጠሮው ይፈታል፣ ወይ እጥፋቱ ላይ ክሮቹ ተጨንቀው ገመዱ የጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። በደንብ የተሠራ ቅጥል ግን አብዛኛውን ጉልበት አያስነካም። ገመዱ ሲጎተት ይጠብባል፤ ሲጠብ ሆዱ ውስጥ ያለውን ጭራ ጨምቆ ይይዛል። ጭራው በረዘመ ቁጥር ሰበቃው ይጨምራል። በሰፊው የሚሠራበት ልክ የገመዱ ውፍረት 72 እጥፍ ነው። ለ3 ሚሊሜትር 216 ሚሊሜትር ይመጣል። 22 ሴንቲሜትር እንበለው።

ሾልኮ የወጣውን ጭራ ለካሁት። 9 ሴንቲሜትር ብቻ!

የወርክሾፑ ኃላፊ ሠሪውን ወጣት ጠሩት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ይታመናል።

«በምንድነው የከተትከው?» አሉት።

«በኪሮሽ ነው፣ ጋሼ። የእኛ መርፌዎች አልገባ አሉኝ።»

እውነቱን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ለገመድ ቅጠላ ተብለው የተሠሩ መርፌዎች ትንሹ እንኳ ለ6 ሚሊሜትር ነው። በግድ ካስገቡት የቀጭኑን ገመድ ጉንጉን ይበረግደዋል። ስለዚህ ልጁ ሹራብ የሚጠገንበትን፣ ጫፉ ላይ ተከፋች ምላስ ያለውን ኪሮሽ አመጣ። ጋሼ ኪሮሹን ተቀብለው ከጭራው ጎን አጋደሙት። ከእጀታው ወዲህ ያለው ብረትና ጭራው ልክ ለልክ ናቸው።

«አየህ፣ ልኩን የወሰነው ኪሮሹ ነው፤ አንተ አይደለህም» አሉት። አልተቆጡም።

ይህቺ ንግግር ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ቀጭን ገመድ ላይ የሚያጋጥመው ጣጣ ሁሉ እሷ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ወፍራም ገመድ ላይ መሣሪያው ቢያንስም ጣት ያግዛል። ቀጭኑ ላይ ጣት አይገባም፤ መሣሪያው የደረሰበት ድረስ ብቻ ነው የምትደርሰው። አጭር ከሆነ ወይ አጭር ትቀብራለህ፣ ወይ እየወጣህ እየገባህ ትቀጥላለህ። በወጣህ በገባህ ቁጥር ደግሞ ክር የመንካት ዕድልህ ይጨምራል።

ክር መንካቱም ተገኘ። ጋሼ ገመዱን ጨምቀው ጉንጉኑን ሲከፍቱት፣ ኪሮሹ በገባበት አካባቢ ገመዱ ከተጎነጎነባቸው 12 ክሮች አንዱ ግማሽ በግማሽ ተበጥሷል። ምላሱ ወደ ኋላ ሲጎተት መዘጋት ነበረበት፤ ጭራውን በደንብ ስላልጎረሰ ተከፍቶ ቀረና አጠገቡ ያለውን ክር ነከሰ። ከውጭ የሚታየው ትንሽ ጸጉር መሳይ ነገር ብቻ ነው።

አንዱ ባልደረባችን «መሣሪያው እኮ 15 ኪሎ አይሞላም፤ ምን ያስጨንቃል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ጀልባ ማዕበል ላይ ሲነሳና ሲወድቅ ገመዱ ላይ የሚመጣው ክብደት 15 ኪሎ ሆኖ አይቆይም። ከዚያ በላይ ደግሞ አጭር ቅጥል የሚሾልከው አንዴ በከባድ ስለተጎተተ ብቻ አይደለም። እየላላ እየጠበቀ ቀስ በቀስም ይወጣል።

ልጁም ጠየቀ። ጭራውን በገመዱ፣ ገመዱን መልሶ በጭራው አሳልፎ ቢቆልፈው ኖሮ ይይዝ አልነበረም? ጋሼ ሲመልሱ፣ ቁልፉ የሚጠቅመው ገመዱ ላልቶ ሲቀመጥ ጭራው እንዳይወጣ ነው አሉ። ስፌቱም ሥራው እሱ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የተቀበረው ርዝመት ነው፤ እሱን የሚተካ ነገር የለም።

በማግስቱ አዲስ መሣሪያ ሠራን። ጠንካራ ቀጭን የብረት ሽቦ መሃሉ ላይ ታጠፈ፤ የተቆረጡት ሁለቱ ጫፎች እጀታ ውስጥ ገቡ። ፊት የሚሄደው እጥፋቱ ነው። እጥፋት ድቡልቡል ስለሆነ ክር አይወጋም፤ በክሮቹ መሃል መንገድ ፈልጎ ያልፋል። የመዳብ ሽቦ ሞክረን ነበር፤ መንገድ ላይ ይታጠፋል። የጊታር ክር ግን ለባለ 2 ሚሊሜትር ገመድ ግሩም ነው። ያልተጠቀለለበት፣ ራቁቱን የሆነው መሆን አለበት። የተጠቀለለበት እንደ ሞረድ ይፍቃል።

አገባቡም ከኪሮሹ የተሻለ ነው። ሽቦውን ጭራው ማለቅ ካለበት ቦታ ታስገባና ጭራው መግባት ባለበት በኩል ታወጣዋለህ። የጭራውን ጫፍ በእጥፋቱ ቀዳዳ አሳልፈህ ትጎትታለህ። ከዚያ በፊት ግን ጫፉ መቅጠን አለበት። ከ12ቱ ክሮች ጥቂቶቹን እያወጡ፣ ርቀት እየሰጡ መቁረጥ ነው። ይህ ጭራው እንዲገባ ብቻ አይደለም የሚረዳው። ጭራው ድንገት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ገመዱ ደረጃ ይሠራል፤ ጭነት ሲመጣ የሚጎዳውም እዚያ ነው።

አንድ ልማድ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጫፉ እንዲጠነክር በላይተር ማቅለጥ! ዳይኒማ ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጉብታ ይሆናል። ያ ጉብታ ሆድ ውስጥ ሲጎተት ክሮቹን ይቧጥጣል። ፕላስተር አጥብቆ ጠቅልሎ በሰያፍ መቁረጥ ይበቃል። ጭራው በሌላው በኩል ብቅ ሲል ፕላስተሩ ይቆረጣል፤ ከዚያ ገመዱን በጣት ጨብጦ ሲያለሰልሱት ጫፉ ተመልሶ ይገባል።

በኋላ ለቀጭን ገመድ ተብለው የተሠሩ ረጃጅም መርፌዎች ተገዙልን። እጀታቸው ለእጅ ይመቻል፤ የሽቦው ጫፍ እስከ ውስጡ የተወለወለ ነው። ብዙ ለሚቀጥል ሰው ዋጋቸውን ያወጣሉ። እኔ ግን በእጅ የተሠራውን ከእነሱ አላሳንሰውም። ርዝመቱ ከበቃ፣ ጫፉ ካልወጋ፣ ውፍረቱም ሆዱን ካልበረገደ ገመዱ ማን እንደሠራው አያውቅም። ይልቅ ጋሼ ያደረጉት ነገር ይበልጥ ጠቀመን። በሁሉም ላይ፣ በተገዙትም በሠራናቸውም፣ ለየውፍረቱ የሚያስፈልገውን ርዝመት በቀለም አስመሩ። ለ2 ሚሊሜትር 144፣ ለ3 ሚሊሜትር 216። ምልክቱ ያልተደረሰበት ቅጥል ወደ እኔ መጎተቻ አይመጣም።

ልጁ ኪሮሹን አልጣለውም። ጭራውን ሲያቀጥን ክሮቹን አንድ በአንድ የሚያወጣው በእሱ ነው። ለዚያ ሥራ እስካሁን የሚስተካከለው አላገኘንም። ጋሼ ወስፌ ይሻላል ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ወስፌ ክር ይሰነጥቃል ይላል። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ።