ሁለት ሰዓት

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ዋጣት። ከመስኮቴ ማዶ ያለው ቆርቆሮ እንኳን አይታይም፣ ካፊያው ሲመታው ድምፁ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ሲሆን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚይዘኝ ነገር አለ፣ ሀዘን አልለውም፣ ብቻ ሰው ይናፍቀኛል፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ። መብራትም የለም። ላፕቶፑ 40 ፐርሰንት አለው፣ እሱ እስኪያልቅ የእነ እትዬ ዘ.ን ገጽ ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያው የጋሽ ሰ. ወፍጮ ቤት ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው። እሳቸው ይፈጫሉ፣ እትዬ ዘ. በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ዌብሳይቱ አንዲት ገጽ ብቻ ናት፣ በአውራ ጣት ከላይ ወደ ታች ተገፍታ የምታልቅ። ከላይ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚሠሩ፣ ከዛ ፎቶ፣ ከዛ ዋጋ፣ ከዛ ቦታው፣ ከዛ ስልክ፣ በቃ። ስድስት ገጽ ተሠርቶ አምስቱ ባዶ ከሚቀመጥ አንዷ ብትሞላ ይሻላል፣ እሱን ከልቤ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ነገ እኔ ባልኖር ዋጋ የሚቀይርላቸው ሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው መንካት ያለበት። ስልኩን ሲነኩት በቀጥታ እንዲደውል አድርጌዋለሁ፣ ከውጭ የሚደውል እንዳይቸገርም ቁጥሩን በ+251 አስጀመርኩት። በስልኬ ያነሳኋቸው ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ከ4 ሜጋባይት በላይ ነበሩ፣ ስፋታቸውን ቀንሼ ወደ 120 ኪሎባይት አወረድኳቸው። ብዙ የጠፋ ነገር የለም፣ የበርበሬው ቅላት እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ስከፍተው ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ተሰባብሮ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ምልክት ሆኖ መጣ። ዩቲኤፍ 8 የምትለዋን፣ ገጹ በምን ዓይነት የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ለስልኩ የምትነግረውን መስመር ረስቼ ነው። አንዲት አጭር መስመር ናት፣ ከላይ ትገባለች፣ ስጨምራት "በርበሬ" የሚለው ቃል ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጣቸው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ እኛ 1992 ልንገባ ስንል። ከዛ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ያው ፎንት የሌለው ሌላው ጋ ሲደርስ ልክ እንዲህ ይፈርስ ነበር። ያንን ሥራ ለሠሩት ሰዎች ዛሬ ብቻዬን በጨለማ ቁጭ ብዬ እግዜር ይስጣችሁ አልኩ።

"ስለ በርበሬው ምን ልበል እትዬ?" ብያቸው ነበር ባለፈው። "ምን ትላለህ፣ የበላ ያውቀዋል" አሉኝ። "ያልበላስ?" ስላቸው ትንሽ አሰቡና ከመቀንጠሱ ጀመሩ። ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ከበሶብላው ከጤና አዳሙ ጋር ይደለዛል፣ ታፍኖ ያድራል፣ እንደገና ይሰጣል፣ ከዛ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ታምሶ ይገባና ወደ ጋሽ ሰ. ወፍጮ ይሄዳል። የደሴ ፀሐይ ስለማታስተማምን የሚሰጣው ኮምቦልቻ ነው፣ እህታቸው ግቢ። ጆንያውን ሚኒባስ ላይ አስጭነው ሀረጎን ይወርዳሉ፣ ያው ሀረጎን ስትወርዱ ጃኬት የምታወልቁባት ቦታ አለች አይደል፣ ከሷ በታች ያለው ፀሐይ ነው የእትዬ ዘ.ን በርበሬ የሚያደርቀው። ይሄን ሁሉ ጻፍኩት፣ አላሳጠርኩትም። ከገጹ አስበልጬ የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ትናንት የቀረኝ የሥራ ሰዓት ብቻ ነበር። ጋሽ ሰ.ን "ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?" ስላቸው "ሁለት ሰዓት" አሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "መብራት ካለ በልበት፣ ሰው እህሉን ተሸክሞ መጥቶ እንዳይመለስብኝ" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ እሱንም እንዳለ አስገባሁት።

እንዲህ ያለች ገጽ ሰው ብቻ አይደለም የሚያነባት። ጎግልና መሰሎቹም ያነቧታል፣ ለነሱ ኮዱ ውስጥ ለብቻው የሚጻፍ መስመር አለ፣ እዛ ላይ መክፈቻው 08:00 ተብሎ ነው የሚገባው። ለሰው የሚታየው ላይ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ያው አንድ ጠዋት ነው፣ አንድ የወፍጮ ቤት በር ነው፣ እና 8ቱን ከታች 2ቱን ከላይ ጽፌ ሳያቸው እጄ ቆመ። ምክንያቱም ገጹን ይከፍታሉ ብዬ የማስባቸው ሰዎች ከሰኞ ገበያ ሰው ይልቅ ውጭ ያሉት ናቸው። እዚህ ያለውማ በሩን ያውቀዋል። ጅዳ ያሉ፣ ቤይሩት ያሉ ልጆች ናቸው፣ ለእናታቸው እዛ ሆነው የሚያዙ፣ ወይ የሚመጣ ሰው ሲገኝ አስይዙልኝ የሚሉ። እንደ ታናሼ።

ታናሼ ሪያድ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ስትሄድ የሻንጣዋ ግማሽ የእትዬ ዘ. በርበሬ ነበር፣ እናቴ ናት ያሰረችላት፣ እንዳይሸት በሦስት ፌስታል። ያኔ እኔን ያጽናናኝ ነገር ቢኖር ሰዓታችን አንድ መሆኑ ነው። ደሴም ሪያድም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፣ አሜሪካ ካለ ሰው ጋር እንደሚሆነው ቀንና ሌሊቱ አይገለበጥም። እንደውም አሁን በሐምሌ ፀሐይ እዛ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድማ ትወጣለች እንጂ የምትጠልቀው ከኛ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እናቴ መብራት ስታበራ እሷም ታበራለች ብዬ አስብ ነበር።

መጀመሪያ መጀመሪያ "ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ" ነበር የምትለው፣ ትደውላለችም። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ መሰለኝ፣ አንድ ቀን "በ8 እደውላለሁ" ብላ ጻፈችልኝ፣ እኔም ሳላስብ ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት። እናቴ ምሳዋን ቶሎ በልታ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። 8 ሆነ፣ 9 ሆነ፣ ቡና ተፈላ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጣ፣ ጎረቤቶች ተነስተው ሄዱ፣ መሸ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እየሳቀች ነው ያናገረቻት፣ ምንም አላለቻትም። ከዘጋች በኋላ እኔን ብቻ ዞር ብላ አየችኝና "ረሳችው" አለች። ምኑን እንደሆነ አልነገረችኝም።

አልፈርድባትም። በሰው ቤት ነው የምትነሳው፣ በሰው ሰዓት ነው ምግቡ የሚቀርበው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ እሷ እረፍት የምታገኘው። ስድስት ዓመት ሙሉ "ስምንት" ሲሏት ስምንት ብላ የምትሮጥ ልጅ ለኛ ስትደውል ብቻ ስድስት እየቀነሰች ታስብ ማለት ይከብዳል። ይሄን አውቃለሁ፣ ግን ያቺ ቀን እናቴ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውለው ያየኋት ነገር አይወጣልኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ላከች፣ ከዛ የምትመጣ ጓደኛዋ ይዛው መጣች። በነሱ ተሞልቶ እየሠራ ነው የመጣው። ሰቅዬው ላስተካክል ስል እናቴ "ተወው እንዳለ ይቀመጥ" አለችኝ። እንዴት እንደምታነበው ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ለካ የአጭሩን ዘንግ ጭራ ነው የምታየው። የነሱና የኛ አቆጣጠር በስድስት ነው የሚለያየው፣ ሰዓቱ ፊት ላይ ደግሞ ስድስት ቁጥር ማለት ልክ ማዶ ለማዶ ነው፣ 8 ከ2 ትይዩ፣ 9 ከ3 ትይዩ። ጫፉ 8 ላይ ሲሆን ጭራው 2 ላይ ነው፣ ረጅሙ ዘንግ ለሁለቱም ያው ነው። የድሮ ሰዎች እንዲህ ያነቡ ነበር አሉ፣ በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት እጃቸው ላይ እያለ። "በጫፉ የሷን፣ በጭራው የኔን" አለችኝ ስጠይቃት፣ ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም። ከዛ ወዲህ በ8 እደውላለሁ ስትል እናቴ ተሳስታ አታውቅም።

ባትሪው 11 ፐርሰንት ደረሰ። ጉሙ አሁንም አልተነሳም።

ትናንት ማታ ገጹን ለታናሼ ልኬላት ነበር፣ ገና ሳይወጣ እስቲ እዛ እንዴት እንደሚከፈት እዪልኝ ብዬ። ሌሊት በድምፅ መለሰችልኝ። ቶሎ ይከፈታል አለች፣ የበርበሬው ፎቶ ላይ ስትደርስ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ እንደገባ፣ ስለ መደለዙ ያለውን ሁለቴ እንዳነበበችው፣ እትዬ ዘ.ን ሳምልኝ አለች። ከዛ ዝም ብላ ቆየች፣ ከኋላዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፣ እና "ሁለት ሰዓት ይከፈታል ያልከው" አለች፣ "በናንተ ነው አይደል?"

አዎ ብዬ ጻፍኩላት። ጎን ለጎን 8 የሚለውንም ልጨምርበት እችላለሁ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ጠዋት ያንን ድምፅ ለእናቴ ሳሰማት እዛች ቦታ ሳይደርስ አቆምኩት፣ ለምን እንዳቆምኩት አላውቅም። እዛ ሆና "በኛ" ስትል ታናሼ የትኛውን ማለቷ ይሆን አሁን?