«እኩል ነው» የሚለው ማነው? በስፕሪንት ዋጋ የጨረስኩት የመጀመሪያ ፕሮጀክት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ከደንበኛዬ ጋር ሳልኮራረፍ አስረከብኩ። ለኔ ትልቅ ዜና ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስቱ ወይ በኪሳራ ወይ በኩርፊያ ነው ያለቁት።

መጀመሪያ በቁርጥ ዋጋ ነበር የምሠራው። አሠራሬ አጃይል (በትንሽ በትንሹ እየሠሩ፣ እያሳዩና እያስተካከሉ መሄድ)፣ ውሌ ግን ድንጋይ። ዴሞ ባሳየሁ ቁጥር ደንበኛው «እንዲህ ቢሆንስ?» ይላል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እሺ እላለሁ። ቀጥሎ በሰዓት ሞከርኩ። እኔን ተመቸኝ፣ ደንበኛው ግን እንቅልፍ አጣ። የመጨረሻው ኢንቮይስ ስንት እንደሚሆን ሳያውቅ ማን ይተኛል?

በስቶሪ ፖይንት (የአንድን ሥራ ክብደት በምንገምትበት ነጥብ) ሂሳብ ያስከፈልኩበት ጊዜም አለ። እባካችሁ አትሞክሩት። ድሮ 3 የምሰጠውን ሥራ 5 ስሰጠው ራሴን ያዝኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ ነው የጻፈው። ነጥቡ ገንዘብ ከሆነ መለኪያነቱ አበቃ።

የአሁኑ ውል እንዲህ ነው። አንድ ስፕሪንት (አንድ የሥራ ዙር) ሁለት ሳምንት፣ ዋጋው ቁርጥ፣ ጣሪያው 8 ስፕሪንት። ደንበኛው በየትኛውም ስፕሪንት መጨረሻ ማቆም ይችላል፤ ካቆመ ከቀሪው ክፍያ 20 በመቶውን ይሰጠኛል። ሐሳቡ ስክረም ከሚባለው የአጃይል አሠራር ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው የጄፍ ሰዘርላንድ ነው። ሌላኛው ግማሹ ደግሞ ለውጥ በነፃ ይላል፦ አዲስ ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሰጠው አንድ አገልግሎት) ሲገባ በመጠን የሚተካከለው፣ ገና ያልተጀመረ ፊቸር ከባክሎጉ (ከቀሪ ሥራዎች ዝርዝር) ይወጣል።

ያንገበገበኝ ይሄ «የሚተካከለው» የሚለው ቃል ነው። አራተኛው ስፕሪንት ላይ ደንበኛው «ሪፖርት በኤክሴል ማውረዱ ይቅርና የካርድ ክፍያ ይግባ» አለ። ለሱ ሁለቱም አንዳንድ በተን ናቸው። ስክሪን ላይ የሚያየው እሱን ነዋ! ለኔ ግን አንዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሌላው ከሌላ ድርጅት ሲስተም ጋር መገናኘት፣ መሃል ላይ የተቋረጠ ክፍያ፣ ሁለቴ የተቆረጠ ሂሳብ፣ ሪፋንድ... ሁለት ቀን ተከራከርን። የስፕሪንቱ ዋጋ ቁርጥ ስለሆነ ሁለቱ ቀናት ከሥራው ላይ ነው የተቀነሱት።

ያዳነን ያለቀ ሥራ ነው። ካስረከብኳቸው ፊቸሮች ሦስት መረጥን፤ አንድ ትንሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትልቅ። አዲስ ጥያቄ ሲመጣ «ይሄ ከሦስቱ የትኛውን ይመስላል?» እንባባላለን። ደንበኛው ሲሠሩ አይቷቸዋል፤ ስንት ቀን እንደፈጁም ያውቃል። የሌላ ድርጅት ሲስተም የሚነካ ከሆነ ያለ ክርክር ትልቅ ነው። ለካርድ ክፍያው በመጨረሻ ሦስት ፊቸር ወጣ፣ ያውም በራሱ ምርጫ። አንዱን «እሱማ ድሮም አላስፈለገኝም» ብሎ ነው የጣለው! ይህን ልኬት ውል ከመፈረም በፊት ባለቀ የቆየ ሥራ ላይ ብታደርጉት ይሻላል። እኔ ዘግይቻለሁ።

በሰዓት መሥራትን የሚጠሉ ሰዎች ግን አይገቡኝም። ሥራው ምን እንደሆነ ደንበኛውም እናንተም የማታውቁ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሰዓት ሥሩ፤ ከዚያ ስለ ጣሪያ ተነጋገሩ።

ያልፈታሁት ባግን (የሶፍትዌር ስህተትን) ነው። ደንበኛው ባግ የሚለውን እኔ አዲስ ፊቸር እለዋለሁ። ውሉ ላይ ስለዚህ አንድም መስመር የለም። 8ኛው ስፕሪንት ሲያልቅ አምስት እንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ቀሩ፤ ጣሪያው ደግሞ ሞልቷል። ሁለት ቅዳሜ በነፃ ሠርቼ ዘጋኋቸው። ለደንበኛው አልነገርኩትም።