ነዳጅ ሲጨምር ገንዘቡን ትቼ ሊትሩን መቁጠር ጀመርኩ

ነዳጅ ስቀዳ ሊትር ብዬ አላውቅም ነበር፣ የተለመደችውን ሂሳብ ሰጥቼ "በዚህ ቅዳልኝ" ነው የምለው፣ እና የዛን ቀንም እንደልማዴ ያችኑ ሰጥቼ ሞተር ሳስነሳ የጌጁ ቀስት ግማሽ እንኳን አልደረሰችም። መጀመሪያ የቀዳው ልጅ የተሳሳተ ነው የመሰለኝ። ደረሰኙን ሳየው ግን ምንም ስህተት የለበትም፣ ዋጋው ነው የጨመረው። ወሩ ከገባ ገና 9 ቀኑ ነበር።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሶስት ወር ወጪያችንን አንድ በአንድ ጻፍን። የኔ ነዳጅና የሷ ታክሲ ተደምሮ ከሁለታችን ደሞዝ አንድ አምስተኛውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ እኔ ደግሞ ከዛ በፊት ቢጠይቁኝ ግማሹንም አልገምትም ነበር፣ ምክንያቱም ነዳጅ እንደ ቤት ኪራይ አንዴ አይወጣም፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የሚያልቀው። ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ እዚህ ጋር ይመስለኛል፣ ጭማሪው ሳይሆን መጀመሪያም ስንት እንደሚሄድ አለማወቁ።

የመጀመሪያ ስህተቴ "ይወርዳል" ብዬ መጠበቄ ነው። ቆይቼ የድፍድፍ ነዳጅን የኋላ ታሪክ ሳገላብጥ ግን ተስፋዬን ተውኩት። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2008 አንድ በርሜል 147 ዶላር ደርሶ ነበር፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ። ሚያዝያ 2020 ላይ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ገዢ ሲጠፋ የአሜሪካው ድፍድፍ ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ተሸጠ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ከ130 ዶላር በላይ ወጣ። ይሄን ማን ሊገምት ይችላል? ደግሞ ድፍድፉ ሲረክስ እንኳን ማደያ ላይ ቶሎ አይሰማም፣ ኢኮኖሚስቶች እንደ ሮኬት ወጥቶ እንደ ላባ ይወርዳል የሚሉት ነገር ነው። እና ዋጋው በኔ እጅ አይደለም፣ በኔ እጅ ያለው ሊትሩ ነው። ከዛ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ከዚች የመጣ ነው።

ግን እዛ እስክደርስ ሌላም አጥፍቻለሁ። ይጨምራል ሲባል ሰምቼ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ገዝቼ ዕቃ ቤት አስቀመጥኩ። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ትንሿ ልጄ "አባ ቤቱ ይሸታል" አለችኝ፣ ዕቃ ቤቱ ደግሞ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ጋር ግድግዳ ነው የሚለየው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል እየሄደ ዝቅ ያለ ቦታ ነው የሚጠራቀመው፣ ከዛ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በዛው ሰዓት አውጥቼ የመኪናው ታንከር ውስጥ ገለበጥኩት። እስካሁን ሳስበው ያመኛል፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ ነዳጅ አታስቀምጡ፣ የምታተርፉት ነገር ከልጆቻችሁ አይበልጥም።

ሌላው ደግሞ 12 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ትንሽ የሚረክስ ማደያ አለ ብለውኝ መሄድ ጀምሬ ነበር። በኋላ ሳሰላው ደርሶ መልስ 24 ኪሎሜትር፣ የኔ መኪና ለዛ 2 ሊትር ተኩል ይበላል፣ 40 ሊትር ላይ በ3 ፐርሰንት ረክሶ ያገኘሁት ደግሞ የ1.2 ሊትር ዋጋ ነው። በየጉዞው ከስሬ ነበር የምመለሰው ማለት ነው።

ይሄን ማስላት የቻልኩት ደብተር ስለጀመርኩ ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ታንከሩን ሙሉ ታስሞላለህ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ ያለውን ትጽፋለህ፣ እንደወትሮህ ትነዳለህ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሙሉ ስታስሞላ የገባውን ሊትር በነዳኸው ኪሎሜትር አካፍለህ በ100 ታባዛለህ። የኔ የመጀመሪያው 430 ኪሎሜትር በ44.7 ሊትር ነበር፣ ማለትም በመቶ ኪሎሜትር 10.4። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ የኔው ከትክክለኛው ዝቅ አርጎ ነበር የሚያሳየኝ።

ደብተሩ ብዙ ነገር አሳየኝ፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ አጭር አጭር ጉዞው ነው። አንዴ ሱቅ፣ አንዴ ልጅ ለማምጣት፣ አንዴ የረሳሁትን ለመግዛት፣ ሁሉም ከ3 ኪሎሜትር በታች፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄጄ ሳይሞቅ እመለሳለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነው የሚጠጣው፣ በቀዝቃዛ ሞተር ተከፋፍሎ የተነዳ መንገድ በአንድ ጉዞ ቢነዳ ከሚፈጀው እጥፍ ሊወስድ ይችላል። አሁን ጉዳዮቹን አጠራቅሜ በአንድ ዙር ነው የምጨርሰው፣ ቅርቡን በእግር።

ልጆች ትምህርት ቤት ማድረሱን ከጎረቤታችን ጋር ተካፈልነው፣ የሱም ልጆች እዛው ነው የሚማሩት፣ አንድ ሳምንት እኔ አንድ ሳምንት እሱ። ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍሬ ቆይቻለሁ፣ ስጠይቀው "እኔም እንዴት ልንገርህ እያልኩ ነበር" አለኝ። እሁድ ደግሞ መኪና አናስነሳም። ይሄን ያገኘሁት ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው፣ የአረብ አገራት ነዳጅ ሲያቆሙ ሆላንድና ምዕራብ ጀርመን እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ከልክለው ነበር። እነሱ አገር ሙሉ ከቻሉ እኛ አራት ሰዎች አያቅተንም ብዬ ነው።

መኪናው ላይ ካደረግኳቸው ትልቁ ጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላውን ማውረድ ነው። ለአንድ ጉዞ አሰርቼው አራት ዓመት ባዶውን ተሸክሜው ዞርኩ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር አንዷን ለመፍታት ዘይት ጠብ አርጌ ግማሽ ሰዓት ጠብቄያለሁ። በነጋታው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ያ የለመድነው የንፋስ ፉጨት የለም፣ ልጄ ከኋላ "መኪናው ለምን ዝም አለ?" አለች። ያ ድምጽ ሁሉ እኮ የምከፍልበት ነዳጅ ነበር።

ፍጥነትም እንደዛው ነው፣ ንፋሱ የሚገፋህ ጉልበት በፍጥነትህ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ90 ወደ 110 ስትወጣ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ጎማ ንፋስ በወር አንዴ ማስለካት፣ ቆሜ ስጠብቅ ሚኒሞ ላይ ከመተው ማጥፋት፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። ቁልቁለት ላይ ፎሌ አርጎ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ይቆጥባል የሚባለው ግን ስህተት ነው፣ እኔም ሳደርገው ኖሬያለሁ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና በማርሽ ተይዞ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ነዳጁን ይዘጋዋል፣ ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል፣ ከዛ በላይ ደግሞ ፍሬን ብቻ ነው የሚቀርህ፣ አደጋ ነው።

በስድስት ወር ውስጥ በመቶ ኪሎሜትር 8.6 ደረስኩ፣ በወር የምነዳው ደግሞ ከ1100 ወደ 780 ኪሎሜትር ወረደ። ከ114 ሊትር ወደ 67 ሊትር ማለት ነው። አሁን ወር ሲገባ 70 ሊትር ብለን በዕለቱ ዋጋ አባዝተን ነው የምንይዘው፣ ከጨመረ ከየት እንደምንቀንስ በመጀመሪያው ቀን እናውቃለን፣ ከቀነሰ ትርፏን ለሚቀጥለው ጭማሪ እናስቀምጣታለን።

መኪና የሌለው ሰው ይሄ አይመለከተኝም እንዳይል፣ አስቤዛውም በናፍጣ ነው የሚመጣው። የሚያርሰው ትራክተር፣ የሚያመጣው ከባድ መኪና፣ ባህር የሚያቋርጠው መርከብ፣ ሁሉም ነዳጅ ነው። እንደ ዩሪያ ያለው ማዳበሪያም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚሰራው። ባለቤቴ ይሄን ከኔ ቀድማ ነው ያየችው፣ "ነዳጁ ዛሬ ጨመረ፣ እቃው ቆይቶ ይደርሳል" ብላ ከማደያው ጭማሪ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ለአስቤዛ ትንሽ ከፍ አርጋ ትይዛለች። እስካሁን ብዙ አልሳተችም።

የከበደኝ የእናቴ ነገር ነው። 300 ኪሎሜትር ርቃ ነው የምትኖረው፣ በዓመት አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሌሊት እናድር ነበር፣ ወንድሜም በራሱ መኪና ከኋላችን ይመጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምንመጣው ብዬ ስልክ ላይ ለመናገር ቃላት አጠረኝ። ዝም ብላ ሰማችኝና "ልጄ፣ እኔ መመላለሳችሁን አልፈልገውም፣ ስትመጡ ግን አትቸኩሉብኝ" አለችኝ። የዓመት ፈቃዴን አሰባስቤ አምስት አምስት ሌሊት አደረግነው፣ ወንድሜ ላጤ ስለሆነ አምስታችንም በአንድ መኪና፣ በ90። ያው መንገድ ድሮ ደርሶ መልስ 55 ሊትር ይበላ ነበር፣ አሁን 44 ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚዘገየው።

ባለፈው ስንሄድ በሶስተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴ በረንዳ ላይ ከትንሿ ጋር ቁጭ ብላለች። ድሮ በዛ ሰዓት እቃ መኪና ላይ ስጭን ነበር የምታየኝ። "ዛሬም አትሄዱም አይደል?" አለችኝ፣ እያወቀች።