የሐታን ቀመር ለከተማችሁ ስታስተካክሉ

የሬዲዮ ሞገድ በከተማ ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ ለመገመት አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከሐታ ቀመር ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሐታ ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው፣ ሌላው ጃፓናዊ ኦኩሙራ ቶኪዮና አካባቢዋ ላይ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተማቸው ግራፎች ተነስቶ ነው። የሚሠራው ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ የማማው አንቴና ከ30 እስከ 200 ሜትር ከፍ ሲል፣ ርቀቱም ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን ነው። አንቴናው ከዙሪያው ጣሪያዎች በላይ መሆን አለበት፤ የሚዘነጋው ይሄ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ 30 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና ከጎረቤቱ ፎቅ ሊያንስ ይችላል፤ ከፎቁ ጀርባ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች አሉ። ቀመሩ የሚያስበው ሜዳ ስለሆነ ከእንጦጦ ለሚወርድ ከተማ የመሬት ከፍታ መረጃ ሊታከልበት ግድ ነው።

በ900 ሜጋኸርዝ፣ አንቴናው 30 ሜትር፣ ስልኩ 1.5 ሜትር ላይ ሆነው 1 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ቀመሩ 126 ዴሲቤል (የሞገድ ኃይል ልዩነት መለኪያ) ገደማ ብክነት፣ ማለትም ሞገዱ በመንገዱ የሚያጣውን ኃይል፣ ይሰጣል። ምንም በማይጋርደው ቦታ 91.5 ብቻ ነበር። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን 35 ዴሲቤል ይጨመራል። በከተማችሁ ልኬት የምታስተካክሉት መነሻውን (የ1 ኪሎ ሜትሩን ብክነት) እና ይህን የጭማሪ መጠን ነው።

ለልኬቱ ስልክ ሳይሆን ስካነር፣ ማለትም የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ፣ ተጠቀሙ። በ40 የሞገድ ርዝመት ውስጥ ከ36 እስከ 50 ናሙና ውሰዱና አማካዩን ያዙ። በ900 ሜጋኸርዝ ይህ 13 ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1.3 ሰከንድ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ስካነሩ በሰከንድ ቢያንስ 28 ጊዜ መለካት አለበት። ማማው ሥር የተለካውን ጣሉት፤ እዚያ የሚታየው የአንቴናው ቅርጽ እንጂ የከተማው ጠባይ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሩቅ ቦታ ላይ ይደበቃል። መቀበያው ደካማውን ሞገድ ስለማይሰማ የሚመዘገበው ጠንካራው ብቻ ይሆናል። በዚህ መረጃ የተስተካከለ ሞዴል ብክነቱን ዝቅ አድርጎ ያያል፣ ሽፋኑንም ያጋንናል። ደካማ ናሙናዎችን ማስወገድ ነገሩን ያባብሰዋል! መቁረጥ ያለባችሁ በርቀት ነው፦ ናሙናዎቹ ወደ መቀበያው ወለል (ሊሰማው ወደሚችለው ደካማ ሞገድ ወሰን) መጠጋት ከሚጀምሩበት ርቀት ወዲያ ያለውን በሙሉ፣ ጠንካራውንም ጭምር ተዉት።

ጥቂት መንገዶችን ለማስተካከያው ሳትጠቀሙባቸው ለፈተና አስቀሩ። በእነሱ ላይ የስህተቱ አማካይ ዜሮ አካባቢ፣ መደበኛ ልዩነቱም (ስህተቶቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን) ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ከሆነ ሞዴሉ ደህና ነው። ልዩነቱ 8 ሲሆን በሽፋኑ ጠርዝ 90 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን በስሌቱ ላይ 10 ዴሲቤል ያህል ተጨማሪ የሞገድ ጥንካሬ በመጠባበቂያነት ያዙ። ይህ ለመንገድ ነው፤ ለቤት ውስጥ የግድግዳው ብክነት ለብቻው ይደመራል።