ጁን ላይ ያለቀ ምርጫ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች፦ ኖቬምበር ላይ ተሰልፋችሁ የምትመርጡት የአካባቢ ምርጫ አብዛኛው ቀድሞ ያለቀ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ የዴሞክራቶች ሰፈር ነው። ከ2006 ምርጫ ወዲህ ለካውንቲው ምክር ቤት አንድም ሪፐብሊካን አላሸነፈም። ስለዚህ ወንበር ላይ ያለው ሰው ስልክ ባያነሳ፣ አቤቱታ ባያነብ ኖቬምበር ምንም አያመጣበትም። የሚፈራው ፕራይመሪውን፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበትን የጁኑን የውስጥ ምርጫ ነው፤ እሱንም ተፎካካሪ ሲመጣበት።

እኔ የገባሁበት በ2022 ነው። የሰፈራችን የስቴት ምክር ቤት ተወካይ (ስሙን ልተወው) ወንበሩን የአባቱ ርስት አድርጎት ነበር። የሕንፃችን ተከራዮች በኪራይ ጭማሪ ስንጨነቅ ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍንለት፤ የመጣልን ግን ማሽን የላከው "ስለጻፉልን እናመሰግናለን" ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልትወዳደረው ስትነሳ እኔም ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ በር ማንኳኳት ጀመርኩ።

በር የሚንኳኳው ግን በዘፈቀደ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ ለምርጫ ሥራ የመራጮችን ዝርዝር ከስቴቱ ምርጫ ቦርድ መግዛት ይችላል። ማንን እንደመረጣችሁ አይናገርም፤ በየትኞቹ ምርጫዎች እንደወጣችሁና በየትኛው ፓርቲ እንደተመዘገባችሁ ግን ይናገራል። ፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ያውም በየጊዜው ያው ሰው። የሕንፃው ጎረቤት ሁሉ ቢናደድ፣ ከተናደዱት ውስጥ በፕራይመሪ የሚመርጥ ከሌለ ተወካዩ እንቅልፉን ይተኛል።

ዝርዝሩን ስከፍት ያስደነገጠኝ የኛ ሰው ነው። አልማዝ፣ ተስፋዬ፣ ሙሉጌታ እያለ ይወርዳል፤ ከጎናቸው ግን "ፓርቲ የለውም" ይላል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ደግሞ ዝግ ነው። ዴሞክራት ብሎ ያልተመዘገበ ሰው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ተወካይ አይመርጥም። ወንዙን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ ብትኖሩ ይሄ ጣጣ የለም፤ ቨርጂኒያ ሰውን በፓርቲ አትመዘግብም፣ አንዱን ፕራይመሪ መርጦ መግባት ነው።

አንድ ጋሼ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርገው አዩኝ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው "ልጄ፣ እኔ ፓርቲ አልገባም። ከኢሠፓ ጀምሮ ያየሁት ይበቃኛል" አሉ። እውነታቸውን ነው። አገር ቤት የፓርቲ አባልነት ሥራም ያስገኛል፣ መዘዝም ያመጣል። እዚህ ግን መዋጮ የለው፣ ስብሰባ የለው፣ ግምገማ የለው፤ ፎርም ላይ አንድ ምልክት ነው።

"ነገ ልውጣ ብልስ?"

"በኦንላይን ይወጣሉ፣ ጋሼ።"

ሳቁና ሰንሰለቱን ፈቱት።

ችግሩ ቀኑ ነው። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ለምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ነው። አዲስ መራጭ በዕለቱም መመዝገብ ይችላል፤ ፓርቲ መቀየር ግን አይቻልም። የምርጫ ሰሞን በየመንገዱ ሰሌዳ ሲተከል የሚነቃቃ ሰው፣ ፓርቲ ከሌለው፣ ቀኑ አልፎበታል። ስለዚህ ለኛ ሰው ዋናው ሥራ የሚሠራው በአሜሪካኑ ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ነው፤ ዕቁብ ላይ፣ ቡና ቤት፣ ስልክ ተቀብሎ ገጹን ከፍቶ እያሳዩ። በራሪ ወረቀት ብትበትኑ ማንም አያነበውም።

ያን ዓመት በክልል አከላለል ክርክር ምክንያት ፕራይመሪው ከጁን ወደ ጁላይ 19 ተገፍቶ ነበር። ተሸነፍን። ግን በዚያው ምርጫ የካውንቲው ኤክዜክዩቲቭ (አስተዳዳሪ) ማርክ ኤልሪች ተፎካካሪያቸውን ዴቪድ ብሌርን የበለጡት፣ ድጋሚ ተቆጥሮ፣ በ32 ድምፅ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ በሚኖርበት ካውንቲ! በ2018 እነዚሁ ሁለት ሰዎች የተለያዩት በ77 ነበር። ፓርቲ የሌላቸው የኛ ሰዎች ከአንድ ሕንፃ ብቻ ቢወጡ ያንን ይሞላሉ።

መሸነፍም ሙሉ ኪሳራ አይደለም። የኛው አካባቢ ታሪክ ይመሰክራል። ዶና ኤድዋርድስ በ2006 የኮንግረስ አባሉን አል ዊንን በፕራይመሪ ተገዳድራ ለጥቂት ተሸነፈች። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ወደ ግራ መጠጋት አበዛ፤ የያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በኮንግረስ እንዲከሰስ የቀረበውን ሐሳብ እስከ መደገፍ ደረሰ። መራጩ ግን አልተመለሰለትም፤ በ2008 በሰፊ ልዩነት አሸነፈችው። የኛውም ተወካይ የስቴቱ ምክር ቤት አናፖሊስ ላይ ባደረገው ቀጣይ ስብሰባ ወቅት ረዳቱን ወደ ሕንፃችን ላከ፣ በተከራዮች ረቂቅ ሕግም ላይ ስሙን አስገባ። ፍቅር ይዞት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ለኛ ምን ቸገረን?

ፕራይመሪ የድሃ መሣሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 አንጋፋውን የኒው ዮርክ የኮንግረስ አባል ኤልየት ኤንግልን በፕራይመሪ የጣለው ጃማል ቦውማን፣ በ2024 እሱም በፕራይመሪ ወደቀ። የውጭ ቡድኖች ሚሊዮኖች አፍስሰውበት ነበር። ጥቂት ሰው በሚመርጥበት ምርጫ ገንዘብ ብዙ ይሠራል። በር ለበር የሚዞር ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ገንዘቡ ብቻውን ይናገራል።

ጎረቤታችን ድጋሚ ትወዳደር እንደሆነ አልወሰነችም። እኔ ግን ፎርሙን ይዤ የዕቁብ ቤቶችን መዞር ቀጥያለሁ፤ ምርጫ በሌለበት ዓመት ሰው ረጋ ብሎ ይሰማል።